በስለቱ ሥር የተጻፈው ስም፦ አሜሪካ ሠራሽ የድሮ ሰንጢዎችን ስሰበስብ የተማርኩት

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ፍሬድሪክ ከተማ አጠገብ፣ አንድ አዛውንት አርፈው ልጆቻቸው የቤታቸውን ዕቃ በሚሸጡበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋራዡ ውስጥ ከተቀመጠ የቡና ጣሳ፣ ከብሎንና ከአሮጌ ቁልፍ ክምር መካከል አንዲት ሰንጢ አወጣሁ። ሦስት ስለት ነበራት። እጀታዋ የተፈለፈለ አጥንት ሲሆን፣ ብዙ እጅ የዳበሰው ጠርዙ ወደ ማር ቀለም ፈዝዞ፣ መሐሉ ግን ጥቁር ቡናማ እንደሆነ ቆይቷል። ትልቁን ስለት ስከፍተው ሞላው ጤነኛ ስለነበር ቀጭ ብሎ ቆመ። በስለቱ ሥር፣ ከቆሻሻው ሥር፣ “ኪን ከተር” የሚል የንግድ ስምና “ሴንት ሉዊስ” የሚል የከተማ ስም ይነበብ ነበር። 18 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ “ሴንት ሉዊስ የተሠራች ናት” እያልኩ ስናገር ኖርኩ፤ ለካ ሰንጢዋ የተሠራችው ከሴንት ሉዊስ እጅግ ርቃ በምትገኝ በኒው ዮርክ ግዛት ባለች ትንሽ መንደር ኖሯል።

ይህን የምጽፈው በዚህ መንገድ መግባት ለሚፈልጉ ወገኖች ነው። እኔ በሆቴል ጥገና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የታሪክ ትምህርትም ሆነ የጥንታዊ ዕቃ ንግድ ልምድ አልነበረኝም። ሰባት ዓመት የፈጀብኝን ነገር ሌላው ሰው በአጭር ጊዜ ሊይዘው ይችላል ብዬ አምናለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበትም በሰንጢ ላይ የተጻፈ ስምና ሰንጢውን የሠራው እጅ ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አካሉ ጥቂት ልበል። ስለቱ ከእጀታው ጋር የሚጋጠምበትን፣ ያልተሳለውን ጠፍጣፋ ክፍል ሰብሳቢዎች ታንግ ይሉታል፤ እኔ የስለቱ ሥር እለዋለሁ። ማህተሙ የሚመታው እዚያ ላይ ነው። በእጀታው ጫፍና ጫፍ ያለው የብረት ክዳን ቦልስተር ይባላል። ከእጀታው ሥር የሚነጠፈው ስስ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ነሐስ ነው፤ ከጀርባ በኩል ደግሞ ስለቱን ከፍቶም ዘግቶም የሚይዘው ሞላ አለ። እጀታው አጥንት፣ የአጋዘን ቀንድ፣ እንጨት፣ ዕንቁ ወይም ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰንጢ ሲገኝ እነዚህን ሁሉ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ማህተሙ ዝም ሲል ወይም ሲዋሽ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።

ወደ ሴንት ሉዊሷ ሰንጢ ልመለስ። እውነቱን የነገሩኝ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በተደረገ የሰብሳቢዎች ገበያ ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ሰንጢዋን ተቀብለው ማህተሙን እንኳ ሳያዩ ጀርባዋን ወደ መብራቱ አዞሩና፣ ከራሳቸው ትሪ ላይ “ዋልደን ናይፍ ካምፓኒ” የሚል ማህተም ያለባት ሌላ ሰንጢ አንስተው ከእኔዋ ጎን አጋደሟት። ሁለቱ እኅትማማች ነበሩ ማለት ይቻላል። የአጥንቱ አፈላፈል፣ አጫጭርና ጠመም ያሉት ጭረቶች ሁሉ ሳይቀሩ፣ አንድ ዓይነት ነበር። ሞላዎቹን የያዙት ትናንሽ የሚስማር ራሶችም በአንድ ቦታ፣ በእኩል ርቀት ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ምንም አላብራሩልኝም፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስይዘውኝ ዝም ብለው ጠበቁኝ። እኔም ያን ቀን ሰንጢ የሚነበበው በፊደል ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲመንስ ሃርድዌር የሚባለው የሴንት ሉዊስ ድርጅት መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ መቀስና የመሳሰለውን ለመላው አገሪቱ የሚያከፋፍል ትልቅ ጅምላ ነጋዴ ነበር። ኪን ከተር የዚህ ድርጅት የንግድ ስም ሲሆን፣ መሥራቹ ኢ.ሲ. ሲመንስ “ዋጋው ከተረሳ ከረጅም ጊዜ በኋላም የጥራቱ ትዝታ ይኖራል” የሚለውን ቃል የድርጅቱ መፈክር አድርጎት ነበር። ሆኖም ሰንጢዎቹን የሚቀጠቅጡትና የሚስሉት ዋልደን፣ ኒው ዮርክ የሚገኙት የዋልደን ናይፍ ካምፓኒ ሠራተኞች ነበሩ። በ1922 ሲመንስ ከጠመንጃ አምራቹ ዊንቸስተር ጋር ሲቀላቀል የዋልደኑ ሥራ ኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት ወዳለው የዊንቸስተር ፋብሪካ ተዛወረ። ስለዚህ የእኔዋ ሰንጢ የአሠራር መልክ ከዋልደን እጅ መውጣቷን ካረጋገጠ፣ ዕድሜዋም ከዚያ ዝውውር በፊት ያለ ይሆናል ማለት ነው። ሲመንስ በዚህ ብቻውን አልነበረም። የቺካጎው ሂባርድ ስፔንሰር ባርትሌት፣ የሉዊቪሉ ቤልክናፕ፣ ያው የሴንት ሉዊሱ ሻፕሌይ ሁሉም በራሳቸው ስም ሰንጢ ያሠሩ ነበር። አንድ ጀማሪ የጅምላ ነጋዴዎችን ስም ከአምራቾች ስም ለይቶ ካላጠና በየደረጃው ይሳሳታል።

ዋልደንን ሳላያት መቅረት አልቻልኩም። ከቤቴ አምስት ሰዓት ያህል ነድቼ ደረስኩ። ዎልኪል የሚባለው ወንዝ በመንደሯ መሐል በፏፏቴ ይወርዳል፤ ፋብሪካዎቹን ወደዚያ የሳባቸውም የውኃው ጉልበት ነበር። ኒው ዮርክ ናይፍ ካምፓኒ በ1852 ዛሬ ቢከን በምትባለው ከተማ፣ ማተዋን ላይ ተቋቁሞ በ1856 ወደ ዋልደን መጣ። መዶሻ የያዘ ክንድ የሚታይበት የ“ሃመር ብራንድ” ምልክት የእርሱ ነው። ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከዚሁ ፋብሪካ የወጡ ሠራተኞች በኅብረት ሆነው የራሳቸውን አቋቋሙ፤ ዋልደን ናይፍ የሚባለው የመጣው ከዚያ ነው። በ1904 ደግሞ ጆርጅ ሽሬድ ከወንድሞቹ ጋር ሽሬድ ከትለሪን በዚያችው መንደር ከፈተ። አንዲት መንደር ሦስት የሰንጢ ፋብሪካ ነበራት ማለት ነው።

እነዚህን ፋብሪካዎች ያቆማቸው የእንግሊዟ ሼፊልድ የስለት ባለሙያዎች እጅ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ኮነቲከትና ኒው ዮርክ ገብተዋል፤ ሙያውን ልጅ ከአባቱ እየወረሰው ቆይቷል። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዱን ታሪክ መጥቀስ እፈልጋለሁ። ቶማስ ብራድሊ በ1844 ሼፊልድ ተወልዶ ገና ሕፃን ሳለ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ ዋልደን ያደገና በልጅነቱ ፋብሪካ የገባ ሰው ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ በ124ኛው የኒው ዮርክ ክፍለ ጦር ዘምቶ፣ ግንቦት 1863 በቻንስለርስቪል ውጊያ በተኩስ መሐል ጥይት ለማምጣት ፈቃደኛ ሆኖ ስለወጣ የአገሪቱን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ተቀበለ። በኋላም የኒው ዮርክ ናይፍ ካምፓኒ ፕሬዚዳንት፣ ከ1903 እስከ 1913 ደግሞ የኮንግረስ አባል ሆነ። የመዶሻ ምልክት ያለበትን ሰንጢ ስይዝ ይህን ሰው አለማሰብ አልችልም። ስደተኛ ሆኖ መጥቶ፣ በሙያ ጸንቶ፣ አገር የጠቀመ ቤተሰብ ታሪክ ለእኛ ለስደተኞች እንግዳ አይደለም። ፋብሪካው በ1931፣ በዚያ የከፋ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት ተዘጋ።

አሁን ወደ ማህተም ንባቡ ልግባ። የደበዘዘ ማህተም ስታገኙ በሽቦ ብሩሽ ወይም በአሸዋ ወረቀት አትነካኩት። አንድ ጠብታ የማዕድን ዘይት አድርጋችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉትና ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ መብራት ከጎን፣ ከስለቱ ጋር ትይዩ ሊሆን እስኪቃረብ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ከላይ ሲበራ የማይታየው ፊደል ከጎን ሲበራ ጥላ ጥሎ ይነሳል። በአሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። የሁሉንም ስለቶች ሥር፣ በፊትም በጀርባም ማየት ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ አንዳንድ ጊዜ በጀርባው ብቻ ይገኛል።

ለጀማሪ የሚቀለው የፔንሲልቬንያዋ ብራድፎርድ ምርት የሆነው ኬዝ ነው፤ ምክንያቱም ዘመኑን ራሱ ይናገራል። “ኬዝ ቴስትድ ኤክስኤክስ” የሚለው ማህተም ከ1920 እስከ 1940፣ “ኬዝ ኤክስኤክስ” የሚለው ብቻውን ከ1940 እስከ 1964፣ “ዩኤስኤ” ተጨምሮበት የሚገኘው ከ1965 እስከ 1969 ያለው ነው። በ1970 ከማህተሙ ሥር አሥር ነጥቦች ተደረጉ፤ በየዓመቱም አንድ ነጥብ እየተቀነሰ ስለሄደ ሰባት ነጥብ ያለበት ሰንጢ የ1973 ይሆናል። ቁጥሩም እንዲሁ ቋንቋ አለው። 6254 የሚለውን ብንወስድ፣ 6 የአጥንት እጀታ፣ 2 የስለቱ ብዛት፣ 54 የሞዴሉ ቁጥር ነው። መጀመሪያው 5 ከሆነ እጀታው የአጋዘን ቀንድ ነው። ሰንጢው ላይ ያለው ቁጥር 5 ብሎ ጀምሮ እጀታው ቢጫ ሴሉሎይድ ከሆነ፣ አንድ ሰው እጀታውን ወይም ስለቱን ቀይሮታል ማለት ነው።

ሬሚንግተን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የእጀታው ቁጥር መጨረሻ ላይ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት ሰንጢ መሥራት የጀመረው ይህ ድርጅት በ1922 ያወጣው አር 1123፣ እጀታው ላይ የጥይት ቅርጽ ያለው ምልክት የተለጠፈበት፣ ሰብሳቢ ሁሉ የሚመኘው ሰንጢ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው 3 አጥንት ማለት ነው። የሰንጢ ሥራው በ1940 ተሽጧል። ነገር ግን ከ1982 ጀምሮ ያንኑ ሞዴል የሚመስል አዲስ ምርት በዚያው ስም ስለወጣ፣ በቂ ዕውቀት የሌለው ሰው አዲሱን እንደ አሮጌ ገዝቶ ይገባል።

የአገር ስምም መረጃ ነው። በ1890 የወጣው የማኪንሊ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አስገደደ። ስለዚህ “ጀርመኒ” የሚል ቃል ያለበት ሰንጢ ከዚያ ወዲህ የገባ ነው፤ “ኒው ዮርክ” ብቻ የሚለው ደግሞ የግድ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቷል አያሰኝም፤ ከሕጉ በፊት የገባ፣ የአስመጪውን ቢሮ አድራሻ ብቻ የያዘ ሊሆን ይችላል። አዶልፍ ካስተር የሚባለው ኒው ዮርክ የነበረ ጀርመን ተወላጅ አስመጪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1897 የቀረጡ ሕግ በሰንጢ ላይ ይበልጥ ሲጠብቅ ማስመጣቱ አላዋጣ ስላለው፣ በ1902 ካሚለስ በምትባል የኒው ዮርክ መንደር የነበረ ፋብሪካ ገዝቶ እዚያው ማምረት ጀመረ። ያ ፋብሪካ እስከ 2007 ዘልቋል። የቀረጥ ሕግ አንድን ነጋዴ አምራች ሲያደርገው ማየት ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም ከሚደንቁኝ አንዱ ነው።

ከስህተቴ መማር ይሻላልና ሁለቱን እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያው የሐሰት ማህተም ያለበት ሰንጢ መግዛቴ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ከአንድ ሻጭ፣ እጅግ የደከመ፣ ስለቱ በመሳል ብዛት ቀጥኖ እንደ መርፌ የሾለ ሰንጢ፣ ነገር ግን ውድ ስም የተጻፈበት፣ በ140 ዶላር ገዛሁ። ቤት መጥቼ በመነጽር ሳየው የፊደሎቹ ጠርዝ እንደ ትናንት የተመታ ስል ነበር። ስለቱ ሰማንያ ዓመት ሲያረጅ ማህተሙ ብቻ አዲስ ሆኖ የሚቀርበት መንገድ የለም። እውነተኛ ማህተም ብረቱ ገና ሳይጠነክር በግፊት ስለሚመታ ከእርጅናው ጋር አብሮ ይለሰልሳል፤ በአሲድ የተበላ ወይም በመርፌ የተቀረጸ ፊደል ግን ታችኛው ሻካራ ነው። ሁለተኛው መመርመሪያ ስለቶቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው፦ የአንዱ ቀለም ግራጫ የሌላው የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ወይም የሚስማሩ ራስ ዙሪያው ብቻ ተፍቆ የነጻ ከሆነ፣ ሰንጢው ተፈትቶ ስለት ተቀይሮለታል። ያን ሰንጢ እስካሁን አልሸጥኩትም፤ ሌላ ሰው እንዳያታልል እኔ ጋር ይቀመጥ ብዬ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የአቀማመጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ አሳዝኖኛል። በ1920ዎቹ በጣም ይወደድ የነበረው ሴሉሎይድ፣ ከጥጥ በናይትሪክ አሲድ ተዘጋጅቶ ከካምፎር ጋር የሚዋሐድ ነገር ነው፤ ሲያረጅ መፈራረስ ይጀምርና አሲድ ያለበት ጋዝ ይተፋል። ይህን ሳላውቅ ቢጫ ሴሉሎይድ እጀታ ያለውን አንድ ሰንጢ ከሌሎች ስድስት ጋር ጥብቅ ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬ ክረምቱን ሙሉ አልከፈትኩትም። በሚያዝያ ክዳኑን ሳነሳ እንደ ኮምጣጤ የሚኮመጥጥ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣብኝ። የቢጫው እጀታ ጠርዝ እንደ ስኳር ቅንጣት ፈርፍሯል፤ የስድስቱም ስለት ላይ ቀይ ዝገት ተነስቷል፤ የነሐሱ ሽፋን አረንጓዴ አውጥቷል። ከጎኑ የነበረችው፣ ምንም እንከን ያልነበራት የዕንቁ እጀታ ሰንጢ በስለቷ መሐል የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጉድጓድ ይዛ ቀረች። ስለዚህ ሴሉሎይድን ለብቻው፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ አስቀምጡ፤ በየወሩም አሽትቱት። በቆዳ ሰገባ ውስጥም ሰንጢ አታከማቹ፤ ቆዳው እርጥበትና የማልፊያ ኬሚካል ስለሚይዝ ስለቱን ይበላል።

ዝገትን በተመለከተ፣ ቀላል ከሆነ ዘይት አድርጋችሁ ከ1982 በፊት በተመታ የመዳብ አንድ ሳንቲም ቀስ አድርጋችሁ ፈግፍጉት፤ መዳብ ከዓረብ ብረት ስለሚለሰልስ ስለቱን ሳይጭር ዝገቱን ያነሳል። ዕድሜ ያመጣውን ግራጫ ወዝ ግን ተዉት። ማሽን ላይ ወስዶ እንደ መስታወት ማብረቅረቅ የማህተሙን ጠርዝ ይበላል፤ ዋጋውንም በግማሽና ከዚያ በላይ ያወርደዋል። የድሮ ሰንጢ በሞረድ መሳልም እንዲሁ ነው፤ ለአገልግሎት ከፈለጋችሁ አዲስ ግዙ።

የወረቀቱ ሥራ ከሁሉ የሚያረካኝ ክፍል ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች እስከ 1950 ድረስ ያሉት ለሕዝብ ክፍት ናቸው። የ1910ን የዋልደን ገጾች ገልጣችሁ ብታነቡ፣ በሥራ ዓይነት ዓምድ ሥር የሰንጢ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ስለት የሚስል፣ አጥንት ቆራጭ እያለ የሚሄድ ስም ታገኛላችሁ፤ ከጎኑም የትውልድ አገር፣ እንግሊዝ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚያሳየው የሳንቦርን የእሳት መድን ካርታ ደግሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ የት እንደቆመ፣ መሳያ ክፍሉና መቀጥቀጫው በየትኛው ጎን እንደነበሩ ይሣልላችኋል። በዚያው ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል የድሮ ጋዜጦች ውስጥ የፋብሪካን ስም ከመንደሩ ስም ጋር አድርጋችሁ ብትፈልጉ የእሳት አደጋ፣ የሥራ ማቆም አድማና የሽያጭ ዜና ይወጣል። የጅምላ ነጋዴዎች የድሮ ካታሎግም ትልቅ ሀብት ነው፤ ሥዕሉን ከሰንጢያችሁ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ትችላላችሁ። የእኔን ኪን ከተር በመጨረሻ ያረጋገጥኩት በእንዲህ ያለ ሥዕል ነው።

ስለ ሕግ አንድ ሁለት ቃል ብቻ። ቁልፍ ሲጫኑት የሚወረወር ሰንጢ በ1958 በወጣው የፌዴራል ሕግ በግዛቶች መካከል እንዳይነገድ ተከልክሏል፤ የየግዛቱ ደንብም ይለያያል። የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለው ሰንጢ ከመግዛታችሁ ወይም ከመሸጣችሁ በፊት የግዛታችሁን ሕግ ጠይቁ። አውሮፕላን ስትሳፈሩም ሰንጢ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ከገበያ ስትመለሱ ኪሳችሁን ፈትሹ።

ለእያንዳንዱ ሰንጢ ትንሽ ካርድ እጽፋለሁ፦ የት፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ፣ ማህተሙ ቃል በቃል ምን እንደሚል፣ ማን ሠራው ብዬ እንደማምንና ለምን። በእርሳስ ነው የምጽፈው፤ ብዙዎቹን አጥፍቼ አስተካክያለሁና። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው፣ የእንጨት እጀታ ያላት አንዲት ስለት ሰንጢ ካርድ ገና ግማሽ ነው። ማህተሟ ተበልቶ “ፊልድ” የሚለው ክፍል ብቻ ቀርቷል። ሼፊልድ ብሎ እንደሆነ ከእንግሊዝ የመጣች ናት፤ ኖርዝፊልድ ብሎ እንደሆነ ግን በ1858 ኮነቲከት ውስጥ ከተቋቋመው ፋብሪካ የወጣች አሜሪካዊት ናት። ኖርዝፊልድ “ተወዳዳሪ የሌለው” የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በፊደል አሳጥሮ የሚጽፍበት የራሱ ምልክት ነበረው፤ ከጀርባው በኩል ኤክስ የምትመስል አንዲት ጭረት ያየሁ መስሎኛል። ትናንት ማታ ዘይት አድርጌባታለሁ፤ ዛሬ ከሥራ ስመለስ መብራቱን ከጎን አበራባታለሁ።